ስንት በግ አለ?

ሁለት ቀን በጂፕ ተንገላትቼ፣
ቅጾቼን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣
ደረስሁ ከሕፃናቱ ቤት፤
በረዶው ሲቀልጥ ከሚተከል፣ ሣር ሲያልቅ ከሚነቀል ቤት፣
ግድግዳው የበግ ሱፍ ከሆነ፣ ግመል ጭኖ ከሚችለው።
«ትምህርት ቤት እግር ካላወጣ፣ ጎቢ ላይ ተማሪ የለው»
አለችኝ ጸንድሱረን፣ መምህሯ፣
ገመድ እየቋጠረች፣ ጥፍሯ
በአቧራ ጠቁሮ።

እኔ የመጣሁት ለቁጥር ነው።
ኡላንባታር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳ የሚያህል ዕቅድ አለ፤
ዘንድሮ ይህን ያህል መቶኛ፣ ከርሞ ሙሉ ይሆናል የተባለ።
ለአገር ዕድገት፣ ይላል፣ እያንዳንዱ ሕፃን
ስድስት ሲሞላው ዝግጁ ይሁን።
አልንቀውም ዕቅዱን፤ እኔው ነኝ የጻፍሁት ግማሹን፣
ሌሊት፣ ሻይ እየደጋገምሁ፣ እያረምሁ ነጠላ ሰረዙን።

ዳሽኛም አምስት ዓመቱ ነው። ነፋስ አፍንጫውን ልጦታል።
ሥዕል ሰጠሁት፤ አረንጓዴ መስክ፣ የእንጨት አጥር፣ በጎች ውስጡ።
«ስንት በግ አለ?»
አየ። ቆየ።
ወረቀቱን ገለበጠና ጀርባውን አየ።
«የማን ናቸው?»
«የማንም አይደሉም። ቁጠር ብቻ።»
«አንዷ ጠፍታለች» አለኝ፣ «የዚች ግልገል እናት የለችም።
ጡት ስትፈልግ ነው እንጂ፣ ግልገል አንገቷን እንዲህ አታዞርም።»

ቅጹ ሁለት ሳጥን ነው ያለው፤ ያውቃል። አያውቅም።
እርሳሴ አየር ላይ ቀረ።
አባቱ፣ አሉኝ፣ ማታ በጎቹ ሲገቡ አንድም ቀን አይቆጥርም፤
ፊት ፊታቸውን አይቶ ነው፣ የጎደለችውን የሚጠራ በስም።

እኛ የላክነው የፕላስቲክ ኩብ፣ ቀይና ሰማያዊው፣
ከነካርቶኑ በሩን ይዟል፣ ነፋስ እንዳይከፍተው።
ልጆቹ የሚቆጥሩት በአጥንት ነው፣ በበግ ቁርጭምጭሚት፤
አንዱ ጎን ፈረስ፣ አንዱ ግመል፣ አንዱ በግ፣ አንዱ ፍየል።
ወርውረው፣ በወደቀው በኩል ስም ያወጡለታል፤
ሦስት ፈረስና ሁለት ግመል፣ ስንት ሆኖ ያድራል?
ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅ። ዓረፍተ ነገሩ መጣልኝ፤
«ባህልን ያገናዘበ፣ ከአካባቢው የተቀዳ…»
ኻንድማ፣ የልጁ እናት፣ ከበሩ ሥር ሆና አቋረጠችኝ።

«የበጉንማ እኔም አውቃለሁ። አባቱም ያውቃል።
እኔ የማውቀውን ልትነግሩልኝ ነው፣ ይህ ሁሉ ነዳጅ የነደደው?
ካቻምና፣ በዙድ፣ በዚያ ክፉ ብርድ፣ ሦስት መቶው አርባ ሆነ።
ቆመው ነው የሞቱት። ስንነካቸው እንደ እንጨት ጮኹ።
ባሌ እስከ ዛሬ ማታ ማታ
በስማቸው ይጠራቸዋል።
ለልጄ፣ በጎቹ ሲያልቁ የማያልቅ ነገር ስጡት።»

ማንም አልመለሰላትም።
ምድጃው ውስጥ ኩበቱ ፈረሰ።
ጸንድሱረን ዝም ብላ አጥንቶቹን ከልጁ ፊት አፈሰሰች፤
«በሥዕሉ ያሉትን ደርድር።» አምስት ደረደረ።
«የጠፋችውንስ?»
አንዷን ወስዶ፣ ራቅ አድርጎ፣ ከምንጣፉ ዳር ላይ አኖረ።
ከዚያ ጠመኔ ሰጠችው።
ምላሱን ነክሶ፣ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ፣
አንገቱ የረዘመ ስድስት ጻፈ።
እናቱ ተጠግታ ቁጥሩን በጣቷ ሄደችበት፣
እንዳይጠፋ፣ ሳትነካው።

በቅጹ መልሱ አምስት ነው።

ኅዳጉ ላይ ብዙ ጻፍሁ፤ ስለ ስድስተኛዋ፣ ስለ እናትየው።
የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ግን ኅዳግ ማንበብ አይሆንለት፤
«አያውቅም» ብሎ መዘገበው።
ትናንት አዲሱ መቶኛ ወጣ፣ በወፍራም ወረቀት ታትሞ፤
አለቃዬ አጨበጨበ።
እኔ ግን ከግድግዳው ነቅዬ፣
ሰው ሁሉ እያየኝ፣
ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ።