ስንት ኮፒ?

ሸዋ በር ከታክሲ ወርደህ፣ ቀኝ ስትታጠፍ፣
ከፋርማሲው ጎን ናት፣ ሰማያዊ ደጃፍ፤
«ጦይባ ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን»፤
ከጽሑፉ መሀል ዝናብ በልቶት «ሽ»ን።
እዚያ ነው የምውል፤ ማሽን እነካለሁ፤
ወረቀት ሲያንቀው ከጉሮሮው አወጣለሁ።

አስራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ማመልከቻ፣
«ጉዳዩ፦» ስትል ኖራ፣ የሌላ ሰው ብቻ፤
ስለ ደረቀ ቧንቧ፣ ስለ ጡረታ ብር፣
ጎርፍ ስለ ገፋው የእነ ዘሀራ አጥር።

አንድ ቀን ጋሽ ይመር፣ የሙጋዱ፣ መጡና
«ያችኑ ወረቀት፤ ቀኗን ለውጪልኝ» አሏት፣ ለሦስተኛ፣ እንደገና።
«ምን አሉዎት?»
«ከላይ ነው።»
«ላይ የት ነው?»
«ባሕር ዳር ነው።»
በመስኮቱ ጦሳን አየት አደረገች፤
«ከፍታው እኛ ጋ ነው፤ እነሱ ናቸው ታች» አለች።

በሳምንቱ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ
ለግል እጩነቷ ይፈርሙ ጀመር፣ «የት ጋ ነው?» እያሉ።
ወንድሟ ከኮምቦልቻ ደውሎ ተቆጣ፤
«ነጋዴ ነሽ፤ ነገ ግብሩ በእጥፍ ቢመጣ?»
«ቢመጣም ደረሰኙ ኮፒ ይፈልጋል» ብላ ዘጋችበት።

ምልክት ሲመረጥ ቁልፍ ነበር ያማራት፤
ቁልፉን ቀድመው ወስደው፣ ጃንጥላ ቀረላት።
«ይሁን» አለች፤ «በሰኔ፣ በደሴ ሰማይ ሥር፣
ከጃንጥላ በላይ ምን ቃል ይገባ ነበር?»

ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ጭጋግ በር ላይ ቆሞ፣
የአቶ ደምሰው ልጅ መጣ፣ ፍላሹን አስቀድሞ።
(አቶ ደምሰው ማለት ተፎካካሪዋ፣
ሲሚንቶ ነጋዴ፣ የድሮ ጎረቤቷ።)
«ስድስት መቶ ፖስተር። መብራት የለም፤ ካንቺ ሌላ
ጄኔሬተር ያለው ማን አለ?» ቆመ ከበሩ ኋላ።

እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለም አልቋል ልል ነበር።
ጦይባ ግን መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፤
አነበበች። ደግማ አነበበች።
«"ኅብረተሰብ" በዚህኛው "ኅ" ነው» ብላ አረመች።
ቤንዚን አስገዛችኝ፣ በጀሪካን፣ አምስት ሊትር፤
ስድስት መቶ ጊዜ ሙቅ ሙቁን ወጣ የሰውዬው ግንባር፤
ስድስት መቶ ጊዜ ፈገግ አለብኝ።
አንዷንም ወረቀት በነጻ አልለቀቀችም፤
አንዲትም ሳንቲም ግን አልጨመረችበትም።

ማታ «ለምን?» ብላት፣ ሻተሩን ስንጎትት፣
«ስህተት እያየሁ ካሳለፍኩ» አለች፣ «የኔም እጅ አለበት።»

መታወቂያ የሚያሳድስ በር ላይ ተሰልፎ፣
የሆጤው ፊት በአራዳው ፊት ላይ ተነጥፎ፣
የሁሉን ስገለብጥ፣ የሁሉን ስቆርጥ ስለጥፍ፣
የራሴን ካርድ ሳላወጣ ቀኑ እልፍ።
እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

የምርጫው ለት ዘነበ። ከትምህርት ቤቱ አጥር
ጃንጥላ በጃንጥላ፣ እስከ አስፋልቱ ዳር።
አንድ ወጣት አስፈጻሚ ደንግጦ ወጣና
«እጠፉ!» አለ፤ «እጠፉት! ቅስቀሳ ነውና!»
ሰዉ እየሳቀ አጠፈ፣ ሽማግሌው እየተራገመ።
ጦይባም የራሷን አጠፈች፤
ሻሿ ራሷ ላይ ተጣብቆ፣
ተራዋን ጠበቀች።

በማግስቱ፣ ሻተሩ ገና ግማሽ ላይ እያለ፣
ያው ወጣት መጣ። ከካፖርቱ ውስጥ አወጣና
«ይሄን…» አለ። ዓይኑ መሬት ላይ ዋለ።
የውጤት ቅጽ ነው። ማኅተሙ አልደረቀም።
ልነሳ ስል ትከሻዬን ጫን አድርጋ
እሷው ተቀበለችው፤
መስታወቱ ላይ በፊቱ ደፋችው።
አረንጓዴው ብርሃን በአገጯ ሥር አለፈ።

ወጣ።
ደምሰው፦ አራት መቶ አስራ ሁለት።
ጦይባ እንድሪስ፣ ጃንጥላ፦ ሦስት መቶ ሰባ አንድ።
ብዙ ጊዜ አየችው። ወይም ለኔ ብዙ መሰለኝ።
«ትንሽ ተጣሟል» አለች፤
ቀና አድርጋ ደገመችው።
ከዚያ መነጽሯን ወደ ግንባሯ መልሳ፣
«ስንት ኮፒ?» አለችው።