ተሳፋሪ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሐረጎን ወጣሁት፣
ጭጋጉን በመብራት እየቀደድሁት።
ወገቤ እንቢ ሲል ቁልፉን አስረከብሁ፣
ከሞተ ፍሪጅ ላይ ፎም ፈልቅቄ አንድ ሳጥን አበጀሁ፤
ለእርጥበት የሰርዲን ጣሳ፣ ለሙቀት የአርባ ሻማ አምፖል፣
ከሰኞ ገበያ ተመርጦ ሃያ አራት የሐበሻ እንቁላል።
ሻጯ ምላልኛለች፣ «አውራ ያላየው የለም» ስትል።

ሐዋ ሳቀች። «የዶሮዋን ክንፍ ለአምፖል?
ጡረታ የወጣ ሾፌር እንቁላል ያቅፋል?»

እኔ ግን ጌጅ አውቃለሁ።
ዳገቱ ወገብ ላይ ራዲያተር ሊፈላ ሲል
መርፌዋ እንዴት እንደምትንቀጠቀጥ አውቃለሁ።
ሠላሳ ሰባት ከግማሽ፦ ከዚያ አላልፍም፣ ከዚያ አልወርድም፤
ለአንዲት ቀጭን መስመር ብዬ ሌሊቱን አልተኛም።

በአንዱ ፊት «መሄጃ»፣ በሌላው «መመለሻ» ብዬ በእርሳስ ጻፍሁ፤
ጧት፣ ቀትር፣ ምሽት፣ እኩለ ሌሊት አዞርሁ።
እንቁላልም መሪ ነው፣ ቀስ ተብሎ የሚዞር፤
ቢቸኩሉበት ገደል፣ ቢረሱት በአንድ ጎኑ ተጣብቆ የሚቀር።

በሰባተኛው ቀን አምፖሉን አጥፍቼ፣
በስልኬ ባትሪ አየኋቸው፣ አንድ በአንድ ከዓይኔ አስጠግቼ።
አምስቱ ባዶ። ይቅር ይበላት ያቺን ሴት።
በአሥራ ዘጠኙ ግን ካርታ አለ፤ ቀጭን፣ ቀይ፣ የደም ጎዳና፣
አንዱ ወደ ባቲ፣ አንዱ ወደ ሐይቅ፣ አንዱ በኩታበር የሚያቀና፤
መሐል ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትርገበገባለች፣
ሞተሯን ያስነሣች፣ ገና ያልተንቀሳቀሰች።
ሐዋን ጠራኋት። አየች።
«አላህ!» ብቻ አለች።

በአሥራ ስምንተኛው ማዞር ይቆማል።
«ክዳኑን አትክፈት» አሉኝ የሚያውቁ፣ «ጫጩቱ ራሱ መውጫውን ያገኛል፤
ከእንግዲህ አንተ ተሳፋሪ ነህ።»

ተሳፋሪ! እኔ፣ ሌላ ሰው ሲነዳ
አንድም ቀን ያልተኛሁ፣
በባዶ ወለል ላይ በእግሬ ፍሬን የምፈልግ እንግዳ!

በአሥራ ዘጠነኛው ሌሊት መብራት ሄደ፤
የጦሳ ብርድ ሳይጠራ ወደ ቤት ወረደ።
ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ አምስት። እጄን የማሳርፍበት አጣሁ።
ሐዋ ናት ውኃ ያሞቀች፣ በሃይላንድ ፕላስቲክ የሞላች፣
ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች።
«ነፍስ ያለውን ነገር ጌጅ ብቻ አያሞቀውም» አለች፣
ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ እስኪነጋ አቀፈች።

በሃያ አንደኛው፣ ሱብሒ ሳይባል፣
ከሳጥኑ ውስጥ ጥፍር የሚያህል ድምፅ፤ አንዱ ቅርፊት ተሰንጥቋል።
ተሰነጠቀና ቆመ። አንድ ሰዓት። ሦስት ሰዓት።
ጣቴ ሊረዳው ሄደ፤ እጄን መታችኝ፦ «ተው፣ የራሱ ነው ዳገት!»

ወጣ። ርጥብ፣ አስቀያሚ፣ አንገቱን መሸከም ያቃተው፣
ጎሚስታ ቤት የዋለ ልጅ መስሎ፣ ዘይት ያጠበው።

እስከ ምሽት አሥራ አራት ሞሉ። አምስቱ በቅርፊታቸው ቀሩ።
ለምን እንደሁ አላውቅም፤
በሐረጎም አብረውን ተነሥተው ያልደረሱ ነበሩ።

አሁን አምፖሉ ለጫጩቶቹ ነው፤ ሳጥኑ ባዶ፣ ክዳኑ ተነሥቷል።
ሐዋ እንደምትለው፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን እጄ
አንሶላው ላይ አንድ የማይታይ ነገር ቀስ አድርጎ ያዞራል።