ሦስተኛው ቃል

በዊክ ከተማ፣ በስኮትላንድ ጫፍ፣ ከባሕሩ ዳር፣
ጢስ ያልነካው ጠጉር፣ ጢስ የማይሸት እጅጌ አልነበር።
ዓሣ ይሰነጠቃል፣ ይታጠባል፣ ይሰቀላል በጢስ፤
ሰዉ እሑድ ታጥቦ፣ ተበጥሮ፣ ክቱን ቢለብስ
ጠረኑ ይቀድመዋል፣ ከቤተ ክርስቲያን ሳይደርስ።

ያን ጊዜ ወጣት ነኝ፤ ውዬ የምገባ ከዓሣ ከቢላ፤
ደብዳቤ መጣልኝ፣ ማኅተም ያለበት፦ «ነይ፣ ለመሐላ።»

እኛ ዘንድ ዳኛው «ሸሪፍ» ነው፤ ሽጉጥ አይታጠቅ፣ መዶሻ አይመታ፤
የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው፣ መነጽሩን አውልቆ ሲያየን በዝግታ።
ስማችን ከብርጭቆ ሳህን በዕጣ ወጣ፤
አሥራ አምስት ነን፤ ጋጋሪው አለ፣ ጸሐፊዋ አለች፣ ከትራክተሩ ወርዶ የመጣም መጣ።
«ማሉ» ተባልን። ማልን፣ እጃችን ወደ ላይ።
እስከ ዐርብ ድረስ ዳኞች ነን፤ ሰው በሰው ላይ።

ተከሳሹ ማግነስ ስዋንሰን። ከጢስ ቤቱ ሥራ በተባረረ ዕለት፣
በዚያው ሌሊት ነደደ የጌታው ቤት።
ዐቃቤ ሕጉ ካፖርቱን አመጣ፣ ጠቅልሎ፣ ቁጥር ለጥፎ፤
«አሽትቱ» አለን፤ «ይኸው፣ እጅጌው ላይ ተጽፎ!»
ካፖርቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ተራ በተራ፤
እኔ ዘንድ ሲደርስ
የራሴን እጅጌ አሸተትሁ። ያው ነው። ለማን ላውራ?

ምስክሯ አንዲት፣ ጄሲ ቤን፣ ሰማንያ ያለፈ ዕድሜዋ፤
«አረማመዱን በመስኮት ለየሁት» አለች፤ ጨረቃ ነበረች እማኟ።
መጽሐፉም ሕጉም ይላሉ፦ በሁለት አፍ ይጸናል ነገር፤
ጨረቃን ማን ጠርቶ፣ ማን አስምሎ ያናግር?

ሸሪፉ ሦስት ቃል ሰጠን፣ እንደ ሦስት ቁልፍ።
«ጥፋተኛ» ይዘጋል። «ጥፋተኛ አይደለም» ይከፍታል፤ ሰውየው ይለፍ።
ሦስተኛው፣ «አልተረጋገጠም»፣ አይዘጋ፣ አይከፍት፤
በሩን ገርበብ ያደርጋል፣ ሰው ይውጣ፣ ወሬ ይግባበት።

ጠባብ ክፍል። ሻይ በቴርሞስ። ዝናም መስኮቱን እያጠበ፤
«ፊቱ ይበቃኛል፣ እሱ ነው» አለ ጋጋሪው፤ ብስኩቱን ነከረና ሳበ።
ጸሐፊዋ አለቀሰች። አንዱ ሰዓቱን አየ፤ የመጨረሻው አውቶቡስ አለበት።
ወረቀት ቀደድን፤ ቆብ ውስጥ ጣልን፤ ቆጠርን።
አራት «ጥፋተኛ»። ሦስት «አይደለም»። ስምንታችን ሦስተኛውን ቃል ሰጠን።

ከስምንቱ አንዷ እኔ ነኝ። ለሕሊናዬ እረፍት ገዛሁ ብዬ ነበር፤
ዋጋውን ማግነስ ሲከፍል ኖረ፣ በቁጥር በቁጥር።
ጋጋሪው ሳንቲም ከእጁ አይቀበልም፤ «ባንኮኒው ላይ አኑር» ይለዋል።
መጠጥ ቤት ሲገባ ወንበር ይንቀሳቀሳል።
ልጆች «አልተረጋገጠም!» ብለው ጮኸው ይሮጣሉ፤
ስም ሆነው በሉ።

ሃያ ሁለት ዓመት። አንድ ማታ ወደቡ ላይ፣ ከድንጋዩ ግንብ፣
መጥቶ ተቀመጠ፤ ሩቅም አይደል፣ ቅርብ።
«አንቺ ፊተኛው ረድፍ ነበርሽ» አለኝ። «እጅጌሽን ስታሸቺ አየሁሽ።»
ዝም አልሁ።
«የጻፍሽውን አልጠይቅሽ።

ያን ሌሊት ጠጥቼ ነበር። ከመጠጥ ቤት መውጣቴን አውቃለሁ፤
ከዚያ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ካፖርቴን እንደለበስሁ ነቃሁ።
መካከሉን ልቤን ብጠይቀው አይነግረኝም፤
አድርጌው ይሁን አላድርገው፣ እኔም አላውቅም።
ከአሥራ አምስት ሰው ዓይን የሚሰወር የለም ብዬ
ስጠብቃችሁ ነበር፣ ከተከሳሽ ሳጥን፣ ጆሮዬን ጥዬ።»

የጢስ ቤቶቹ ከተዘጉ ቆይተዋል። ከተማው ዛሬ
የሚሸተው ጨውና ናፍጣ ነው።
ማግነስ ትከሻዬን ተደግፎ ሲነሣ
እጅጌው በፊቴ አጠገብ አለፈ።

ትንፋሼን ያዝሁ።