ሾላ በድፍን

ከጤና ጣቢያው በር፣ ከቆርቆሮው ማዶ፣
ግማሽ ሥሯ ቆሞ፣ ግማሹ ገደል ወርዶ፣
አንዲት ሾላ አለች፣ ዓልዩ አምባ ላይ፤
አበባዋን ከቶ አንድ ሰው እንኳ ሳያይ
ፍሬ የምትሰጥ።

እኔ የተላክሁት በኪኒን በመርፌ፣
ሌላውን ላድን ነው፣ ደብተሬን አቅፌ፤
ግን ቆላው ከበደኝ፣ ውኃው ተለወጠ፣
በአራተኛው ቀን ሆዴ ድንጋይ ዋጠ።
መደርደሪያው ባዶ። ጥጥ፣ አልኮል፣ ፋሻ።
ለሐኪም ሆድ ድርቀት የት አለ መሸሻ?

ዓርብ ነው፣ ገበያ። ዘሃራ አየችኝ፤
ከአረማመዴ ነው ሁሉን ያወቀችኝ።
«ና ወዲህ ዶክተሩ፣ አትፈር» አለችኝና
አምስት ደረቅ ሾላ ከቁናዋ ዘግና፣
«ማታ ዘፍዝፋቸው፣ ጧት ብላ ከነውኃው።»

«ከፍተህ አትይ» አሉ ጨው ሻጩ ከጎን፣
አቶ ሙሄ፤ «ልጄ፣ ሾላ በድፍን።»

የተማረ እጅ ግን መች ያርፋል? ከፈትሁት።
እንደ ጤፍ ቅንጣት ነው ከውስጡ ያየሁት፦
ትንንሽ ተርቦች፣ ክንፋቸው የሌለ።
ዘሃራ ሳቀችብኝ፤ ፊቷ ግን ከሰለ።
«በሩ ጠባብ ነው» አለች፣ «ገፍታ ስትገባ
ክንፏን እደጅ ጥላ ነው፣ ውስጥ ላለው አበባ።
ካልገባች ይረግፋል። ከገባች አትወጣም።»
ሙሄ ጨው መዘኑ፤ ድምፃቸው አልመጣም።

ስለ ዛፏ ታሪክ ስጠይቅ ከርሜ
የያዝሁት ይህ ነበር፣ ከሰው አፍ ቃርሜ፦
ሲራራ ያርፍባት፣ ግመል ይታሰርባት፣
አሞሌ ይቆጠር፣ ቡና ይሰፈርባት፤
በቃ።
ያን ዕለት ግን ዘሃራ ጨመረች፦
«ቅድመ አያቴም እዚህ ተመነዘረች፣
በአሞሌ።
ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ሰው የላት፤
ስሟ እዚህ ሥር ነው እንደ ክንፍ የወለቀባት።
እኛ ፍሬዋ ነን። ብላ እንጂ፣ ጣፋጭ ነው።
ግን ከፍተህ ነው፤ ውስጡ ማን እንዳለ እየው።»

በማግስቱ ሆዴ ተላቀቀ፣ ቀለለ።
የአንድ ልጅ ኪንታሮት በወተቷ ጠፋ ተባለ፤
እሱን ግን አላየሁ፤ ተባለ ነው፣ ተባለ።

መዝገቤን ገልጬ፣ እጄ እየፈራ፣
«ሾላ፣ አምስት ፍሬ» አልሁ፣ ከኪኒኑ ተራ።
«አወሳሰድ» በሚለው «በድፍን» ጻፍሁና
ሰረዝሁት።
«ተከፍቶ» ብዬ፣ እንደገና።