የዓምዶቹ ቆጠራ

ሦስት ጊዜ ቆጠርሁ፣ አንዱም አልገጠመ፤
ሰባ አራት ብሎ ነው መዝገቡ ያተመ፤
ከፊቴ ያለው ግን ሰባ ሦስት ቆመ።

የጉጃራት ሐሩር ድንጋዩን አሞቀ፤
ቃምሩዲን ጠራጊው በቀይ ጥርሱ ሳቀ፤
አንድ ጥግ አሳየኝ፣ ከምንጣፍ የራቀ፦

ከግንቡ ሆድ ዕቃ ብቅ ያለ ትከሻ፣
አበባው ተጀምሮ ያላየ መጨረሻ።

"ይሄ የካንሃድ ነው" አለኝ በሹክሹክታ፣
ስድስት መቶ ዓመት እንደ ትናንት ማታ።

ድንጋይ ጠራቢ ነው ካንሃድ፣ የጠራቢም ልጅ፤
አባቱ ያስተማረው በአማልክት ደጅ፦
ሁለት ዓምድ አቁም፣ አንድ አግዳሚ ጫን፤
ክብደት ቁልቁል ይውረድ፣ መሬትንም እመን።

ከኾራሳን መጣ ሺሃብ የተባለ፣
ገመድና ችንካር በእጁ ያንጠለጠለ፤
አቧራ ላይ ቀስት ሥሎ "ይህን ሥራ" አለ፦
"ድንጋይ ድንጋይ ደግፎ በአየር ላይ ሲውል፣
ሁሉም መውደቅ ሲሻ፣ ሁሉም ሲከለክል።"

ካንሃድ አላመነም፤ "መገፋፋት የሰው
ነው እንጂ የድንጋይ አይደለም" አለው።
ከዚህ አንድ፣ ከዚያ አንድ፣ ጣት በጣት አስወጣ፣
ከግራም ከቀኝም ወደ መሐል አመጣ፤
ጫፍ ለጫፍ ሲነኩ፣ ጥርሳቸውን ላገ፤
ለሩቅ ተመልካች ቀስት አደረገ።

"ውሸት ነው" አለ ሺሃብ። "ቆሟል" አለ ካንሃድ።
ዝናብ መጣና ሁለቱም ገቡ ሥሩ በግድ።

ሚህራቡ ላይ ሲደርስ እጁ እንደ ጉድ ሰላ፤
ሐረግ አወረደ፣ የቅጠል ጥላ፣
ሰንሰለት ዘረጋ፤ ደወል ሊሰቅል ኋላ
"ደወል የለም" ቢሉት፣ ደወሉን ፋኖስ አርጎ
ዙፋኑን ጨረሰ፣ ጥጋጥጉን ጠርጎ።
ቀና ብሎ ጠየቀ፦ "ማን ይቀመጥበታል?"

"ማንም።"

"ማንም?"

"ማንም።"

ያን ቀን ምሳው ቀዘቀዘ፤ ካንሃድ አልቀመሰም።
በነገታው መጣ፤ መሮውን አላነሣም፤
ባዶውን በመዳፉ፣ እንደ ሕፃን ጀርባ፣
ሲያለሰልስ ዋለ፣ ፀሐይ እስክትገባ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱ! ምድር ተንቀጠቀጠች፣
ሁለቱን ሚናሬቶች ከወገብ ቆረጠች፤
ጎሽ ታሰረበት፤ ጥጥ ተከመረ፤
ጎርፍ እስከ ጉልበት ገብቶ ሦስት ቀን አደረ፤
የካንሃድ ውሸት ግን አልተሰነጠቀም።
(ግራው ተሰንጥቋል፤ ቃምሩዲን አይጠቅስም።)

"ታዲያ ይሄን ዓምድ ምነው ግንቡ ዋጠው?"
"እኔ እንጃ" አለ፤ "ደሞዝ ይሆናል ያነሰው።"

እኔም መዝገቤ ላይ ሰባ ሦስት አልሁና፣
ከጎኑ "አንድ" ብዬ፣ ሳልደምረው ገና፣
ወጣሁ። ጫማዬን ሳጠልቅ ዞር ስል፣ ሽማግሌው
መጥረጊያውን ጥሎ፣ ያን ባዶ በመዳፉ ጠረገው።