አረንጓዴ አጥንት

ጎመንዘር ሲያብብ ነው፣ የላንገላንድ ማሳ ቢጫውን ሲለብስ፣
ያ ቀንዳም ዓሣ ከጥልቁ ባሕር ወደ ዳር የሚገሰግስ።
ቀን ቆርጠን አናውቅም፤ ሶልቫይ በመስኮቷ ማሳውን ታያለች፣
«ቢጫ ሆኗል፣ ውጡ» ብላ ትደውላለች።

አምስት ነን፣ ዘንድሮም አምስት ነን፤
ዘንግ፣ ባልዲ፣ ፔርሙዝ፣ ጥቁር ዳቦ ይዘን
ጠጠሩን ስንረግጥ ጎሕ ገና አልቀደደም፤
ቶርኪል አንድ ጓንት ረስቷል፣ ሁለት ይዞ መጥቶ አያውቅም መቼም፤
ኤበ ይሳደባል፦ ነፋሱን፣ ጫማውን፣ የጫማ ሠሪውን ዘር ማንዘር፤
ቫግን ግን ዝም ብሎ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ነበር።

ያ እጅ አዲስ ነው።
አምና ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘል ማንም አልደገፈው።
በበረዶው ወራት ዐይኑ እንደ ሻማ ጥቂት በጥቂት አለቀ፤
መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ ፊታችን፣ ኋላም የመስኮቱ ብርሃን ራቀ።
ሐኪሙ የነገረው የበሽታው ስም ረጅም ነው፣ ማንም አልያዘው።
«ልምጣ ወይ?» አላለም። እኛም «ና» አላልነው።
ቦቲውን አጥልቆ በሩ ላይ ቆሞ ነው ያገኘነው።

እስከ ወገብ ገባን። ውሃው ገና የበረዶ ልጅ ነው፣
ላስቲኩን ዘልቆ ጉልበት የሚቆረጥመው።
ወረወርን፣ ጠቀለልን፤ የብር ማንኪያችን ባዶውን ተመላለሰ፤
ኤበ የባሕር ሣር፣ እኔ አንድ ሸርጣን፣
ቶርኪል ጓንት የለሽ መዳፉ ላይ ተነፈሰ።
ቫግን ክሩን ይዟል፣ በሁለት ጣቱ መሐል ሸጉጦ፣
እንደ ሐኪም፣ የደም ሥር እንደሚያዳምጥ፣ ትንፋሹን ውጦ።
«መጣ» አለ። «ምኑ?» አልነው። «ዝም በሉ እስቲ።»
ዘንጉ ጎበጠ።
ውሃውን ሰንጥቆ ወጣ ያ መርፌ፣ ያ የብር ቀስት፣
በጅራቱ ቆሞ ሲደንስ፣ እኛ በዐይን፣ እሱ በክንድ በደረት።

ከሰዓት በጀልባ። የሶልቫይ ጀልባ ቀለሟ ተልጧል፣
ሞተሯ ሦስቴ ተለምኖ በአራተኛው ያስላል።
ቫግን ተነሣና ወረወረ፤ ክሩ በአየር ዞረ፣
መንጠቆው ባሕሩን ትቶ የኤበ ባርኔጣ ላይ ሰፈረ።
ባርኔጣው በረረ፣ ውሃ ላይ አረፈ።
ማንም አልሣቀ። ሶልቫይ ከንፈሯን ነከሰች፣
እኔ አድማሱን አየሁ።
ከበረዶው ወዲህ ቫግንን የምናናግረው በለሆሳስ ነበር፣
ሕፃን እንደተኛበት ቤት፣ በእግር ጣታችን ቆመን፣ እንዳይንኳኳ በር።
ኤበ ግን ኤበ ነው፤ ራሰ በራውን በእጁ ዳብሶ፣
«ምን ሆነሃል!» አለ ቱግ ብሎ፣
«ዕውር ነህ እንዴ?» የዘወትር ስድቡን መልሶ።

ቃሉ ጀልባው መሐል ወደቀ።
ሞገዱ እንኳ ጎኗን መምታት የተወ መሰለኝ።
ቫግን ፊቱን ወደ ድምፁ አዞረ።
«አዎ» አለ። «አልነገሩህም?»

መጀመሪያ የሣቀው ማን እንደሆነ አላውቅም፤
ባልዲው ተደፋ፣ ሁለት ዓሣ አመለጠ፣ ማንም ምንም አላለም።
«ከመቼ ወዲህ?» ይላል ኤበ፣ እንባው በጺሙ እየወረደ፤
የሣቅ ይሁን የሌላ፣ ጨው መሐል ስላለ ጨው ማን ፈረደ።

ማታ ዳር ላይ ጠበስን። የዚህ ዓሣ አጥንቱ አረንጓዴ ነው፣
እንግዳ ሰው መርዝ መስሎት ሰሐኑን የሚገፋው።
ቫግን የጀርባውን አጥንት በጣቱ ይዞ ወደ እሳቱ አቀና።
«ዘንድሮም ያው ነው?»
መሽቷል፤ በእሳት ብርሃን ቀለም አይለይም ደኅና።
«ያው ነው» አለ ቶርኪል። «አይደለም» አለች ሶልቫይ፣ ተቀብላ፣
በባትሪ አየችው፣ አገላብጣ፣ ዘንበል ቀና ብላ።
«ባሕር ሃያ ዓመት ያላመጠው የጠርሙስ ስባሪ።
ካምናው ትንሽ ይደምቃል።»
ቫግን ራሱን ነቀነቀ። አጥንቱን ጠርጎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ስንመለስ መኪናው ዓሣ ዓሣ ይሸታል፣ ውጩ ጨለማ።
«ማሳው ጋ ደረስን» አለ ቫግን፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ።
አንዳችንም ወደ ውጭ አላየንም ነበር።
«ቀስ በይ እንጂ ሶልቫይ» አለ ኤበ ከኋላ፣ ባርኔጣ የሌለው፣
«እኛም እናሽትት።»