ከጀርባው ይጠጣል

ሙሐረቅ፣ ነሐሴ፤ አየሩ እርጥብ ጨርቅ፣
ቢጨምቁት የማያልቅ፣ ቢያሰጡት የማይደርቅ።
ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ከጠባቧ ሱቅ፣
ባላን የኬረላው፣ ዝምታ የሚያውቅ፣
አንድ ክንድ ራታን ቆርጦ አቀበለኝ፣
«ጓንጉል፣ ንፋው» ብሎ ውሃ አስጠጋልኝ።

ነፋሁት ባንዱ ጫፍ። በሌላው፣ ከውሃው ሥር፣
ትንፋሼ ተዘራ፣ እንደ ጤፍ፣ ዘር በዘር።

እኔ የማውቀው የእንጅባራን ቀርከሃ፦
ሆዱ ባዶ ጓዳ፣ አንጓው የማያሳልፍ ውሃ።
ይህኛው ድፍን ነው፤ ሲያዩት ዘንግ ይመስላል፤
ውስጡ ግን ከጸጉር የቀጠነ ቧንቧ
እልፍ ሆኖ፣ ሳይታጠፍ፣ ከጫፍ ጫፍ ይዘልቃል።

«ፊቱ» አለኝ ባላን፣ «መስታወት ነው፣ አትመነው፤
ጠብታ ይንከባለልበታል እንጂ አያርሰው።
ገልብጠህ እይ ጀርባውን፣ በስለት የተላጠውን፣
ቧንቧው ለሁለት ተሰንጥቆ አፉን የከፈተውን፤
የሚጠጣው በዚያ ነው።»

ያን ሰሞን የእም ራሺድን ወንበር ተረከብኩ፤
ልጡን ግማሽ ሰዓት ከባልዲ ነከርኩ።
አባቴ የአልጋ ጠፍር በእርጥቡ ሲወጥር፣
እግሩን ከቋሚው ተክሎ እስከ ጥግ ሲገትር፣
ያደግሁት እያየሁ ነው፤ እኔም እንደሱ ሳብኩት፣
ከበሮ ሆነ፤ ደስ ብሎኝ በጣቴ መታሁት።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ ስልኬ ጮኸ።
«ወንበርህ ተኮሰ! ማንም ሳይቀመጥበት፣
ባዶ መጅሊስ ውስጥ፣ ኤሲው እየነፈሰበት።»

ባላን አልተቆጣም።
የተበጠሰውን አነሣ፣ በጥርሱ ነከሰው፣
አሸተተው፣ በጣቱ ፈትሎ ጨረሰው።
«ያጠጣኸውን» አለ፣ «ኤሲው መልሶ ጠጣው።
ቆዳ ይለጠጣል። ይሄ ግን ሲደርቅ ያጥራል፤
መድረቂያ ካልተውክለት ራሱን ይበጥሳል።»

ለምሳ ስንወጣ ወበቁ ተጠመጠመብኝ፤
ሸሚዜ ከፊት ደረቅ፣ ከኋላ ራሰብኝ።
«አንተም በጀርባህ ነህ!» ብሎ ሳቀ ባላን፣
በዓመት አንዴ የሚስቅ ሰው።

እንደገና ጠለፍኩት። አውራ ጣቴ ሲጫነው
ጎድጎድ ብሎ እስኪመለስ፣ እጄ እየከለከለው፣
ልቤ «ሳበው፣ ሳበው» እያለኝ፣ አላላሁት።

እም ራሺድ መጣች፤ በመዳፏ ደቆሰችው፣
እንደ አሮጌ ወንፊት ሲረግብ አየችው።
«ይሄ ነው ጥገና?» ዓይኗ እኔ ላይ ቀረ።
ባላን ወንበሩን አንሥቶ መኪናዋ ላይ ጫነ፤
«ይውሰዱት፣ እመቤቴ። የቀረውን
ቤትዎ ይጨርሰዋል።»